ክረምቱን ጮቄ ሥር ለልምምድ ልወጣ ነው፤ ምን ብሠራ ይሻለኛል?

ጓሳ | ሚያዝያ 14

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ የ3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ዘንድሮ ክረምት የሁለት ወር የተግባር ልምምድ አለብን። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ጮቄ ተራራ ሥር ካሉት ወረዳዎች ወደ አንዱ ለመሄድ አስቤያለሁ።

ከእኛ በፊት የወጡትን ስጠይቅ ግን ልቤ ወረደ። አንዷ ጓደኛዬ ሁለቱን ወር ሙሉ ቢሮ ተቀምጣ ደብዳቤ ስትተይብ ከረመች። ሌላው ችግኝ ተከላ ላይ አንድ ቀን ፎቶ ተነሣ፤ ሎግ ቡኩን የሞላው በመጨረሻው ሳምንት በአንድ ሌሊት ነው። እኔ እንደዚያ ሆኜ መመለስ አልፈልግም።

ያደግኩት ሙጋ ወንዝ አጠገብ ነው። ልጅ ሆኜ ወንዙ ክረምት ላይ ሲሞላ መልኩ እንደ ጠላ ድፍድፍ ነበር። አባቴን «ይህ ሁሉ አፈር ከየት ነው የሚመጣው?» እለው ነበር። በእጁ ወደ ጮቄ ያሳየኛል። ይህንን ትምህርት የመረጥኩት በዚያ ነገር ነው።

ጥያቄዎቼ፦ ወረዳ ግብርና ቢሮ ይሻላል፣ ችግኝ ጣቢያ ወይስ ቀበሌ? በሁለት ወር ውስጥ ለሰው የሚጠቅም ምን መሥራት ይቻላል? ለሴት ማደሪያው እንዴት ነው? አበል የሚባል ነገርስ አለ?

---

የቀድሞ ዲኤ | ሚያዝያ 14

ጓሳ ልጄ፣ እንኳን ጠየቅሽ። ምሥራቅም ምዕራብም ጎጃም ከ20 ዓመት በላይ በልማት ጣቢያ ሠራተኝነት (ዲኤ) ኖሬያለሁ። ብዙ ተለማማጅ በእጄ አልፏል።

ቀበሌ ውረጂ። ደብዳቤሽን ወረዳ አስገቢ፣ የተፈጥሮ ሀብት ቡድኑን ተዋወቂ፣ ከዚያ «ቀበሌ መድቡኝ» በይ። አንቺ ካልጠየቅሽ ማንም አይልክሽም። ቢሮ ውስጥ ደግሞ የሚተየብ ደብዳቤ መቼም አይጠፋም።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። የእርከን ሥራ የበጋ ሥራ ነው። ዘመቻው የሚወጣው ጥርና የካቲት ላይ፣ ገበሬው አውድማውን ሲጨርስ ነው። አንቺ ሰኔ ላይ ስትደርሺ ካቡ ተክቦ፣ ክትሩ (የጎርፍ መግቻው) ተሠርቶ፣ ሪፖርቱም ተልኮ አልቋል። ብዙ ተማሪ «የሚሠራ ነገር የለም» ብሎ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጠው ለዚህ ነው። ግን በጥር ሁሉም እርከን ያምራል። በሐምሌ ነው የሚለየው። ዝናብ መጣል ሲጀምር ሰው ሁሉ ወደ ቤት ይሮጣል። አንቺ በዚያ ሰዓት የዝናብ ልብስሽን ለብሰሽ ውጪ። ውኃው የት ተኛ? የት ዘለለ? የት ሰበረ? ይህንን ጻፊ። ከመምህርሽም ከእኔም ያላገኘሽውን ትምህርት ከዚያ ታገኚያለሽ።

ሁለተኛው ነገር፣ የአምናውን ችግኝ ቁጠሪ። ሐምሌ ላይ ሁሉም ይተክላል። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህማ ስንት እንደተከለ የማይጽፍ መሥሪያ ቤት የለም። ቀበሌ ወርዶ የጽድቀት መጠን የሚቆጥር ግን ብርቅ ነው። እኛ ዲኤዎች ጠልተን አይደለም። ማዳበሪያው፣ ምርጥ ዘሩ፣ ስብሰባው ጊዜ አይሰጥም። ሁለት ወር ሙሉ ጊዜ ያለው ሰው አንቺ ነሽ።

አቆጣጠሩ ከባድ አይደለም። 5 ሜትር ከ64 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ገመድ አዘጋጂ። አንዱን ጫፍ ካስማ ላይ አስሪ፤ ሌላውን ወጥረሽ ይዘሽ ዙሪ። የዞርሽው ክብ 100 ካሬ ሜትር ነው። በ2 ሜትር ርቀት የተተከለ ቦታ ከሆነ ክቡ ውስጥ 25 ገደማ ጉድጓድ ይኖራል። በስንቱ ጉድጓድ በሕይወት ያለ ችግኝ እንዳለ መዝግቢ። ዓይንሽ የወደደው ቦታ ላይ ካስማ አትትከዪ፤ ራስን ማታለል የሚጀምረው እዚያ ነው። ከተራራው አናት ተነሥተሽ በየ50 እርምጃው ያረፍሽበት ላይ ትከዪ። የሞተውንም በምን እንደሞተ ጻፊ። ከብት ቆርጥሞት ነው? ውኃ ተኝቶበት ነው? ወይስ ከነፕላስቲኩ ተተክሎ?

አበል አትጠብቂ። ፕሮጀክት ያለበት ወረዳ አንዳንዴ ትራንስፖርት ይሸፍናል፤ ብዙው ግን በራስ ኪስ ነው።

---

ችግኝ ጣቢያ | ሚያዝያ 15

ጋሼ «ከነፕላስቲኩ» ያሉት ነገር አንጀቴን በላው። እኔ ችግኝ ጣቢያ ነው የምሠራው። አንድ ችግኝ 8 ወር፣ 9 ወር እናሳድጋለን። ኮሶ ከሆነ ዘሩ እንደ ብናኝ ነው፤ በእፍኝ አሸዋ ለውሰን ነው የምንዘራው። ወይራ ከሆነ ዘሩ እንደ ድንጋይ ጠንካራ ነው፤ ጫፉን ሰበር ካላደረግነው ሲጠብቁት ይከርማል። ሰኔ ሲቃረብ ጥላውን እናነሣለን፣ ውኃውን እንቀንሳለን፣ ከፕላስቲኩ ሥር አልፎ መሬት የነካውን ሥር እንቆርጣለን። ሜዳ ላይ እንዳይደነግጥ ነው።

ከዚያ አይሱዙ ይመጣል። አውራጁ ግንዱን ይዞ ይወረውረዋል። አፈሩ ከሥሩ ይለቃል። ችግኙ ላይ ላዩን አረንጓዴ ነው፤ ግን ያን ጊዜ ሞቷል። ተካዩ ደግሞ ዝናቡ መጣብኝ ብሎ ፕላስቲኩን ሳይቀድ ጉድጓድ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ሥሩ እዚያው ውስጥ ይጠመጠማል፣ በበጋ ይደርቃል። ከዓመት በኋላ ስንነቅለው ሥሩ እንደ ማሰሻ ተጠቅልሎ ነው የምናገኘው።

ስለዚህ እህቴ፣ ቀበሌ መውረዱ ጥሩ ነው። ግን የመጀመሪያውን ሳምንት ሰኔ ላይ ችግኝ ጣቢያ አሳልፊ። ችግኙን ሥሩን ደግፈሽ በሁለት እጅ መያዝ ልመጂ። ከዚያ መትከያው ቦታ ላይ ቆመሽ ፕላስቲክ ሰብስቢ። የተሰበሰበው ፕላስቲክ ከተተከለው ችግኝ ቁጥር ካነሰ ልዩነቱ የት እንዳለ ታውቂዋለሽ።

---

አዴት መንገድ | ሚያዝያ 15

እኔ ልምምዴን ከባሕር ዳር ወደ አዴት በሚወስደው መንገድ፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደብረ ማዊ ነው የሠራሁት። ተመራማሪዎች የቦረቦርን፣ ማለትም ጎርፍ የሚቆፍረውን ሸለቆ፣ ነገር ለዓመታት ያጠኑባት ተፋሰስ ናት። የእኔ ሥራ የጉድጓድ ውኃ መለካት ነበር። መሬት ውስጥ በተቀበሩ ቱቦዎች ውኃው ስንት ድረስ እንደወጣ በየቀኑ መመዝገብ።

መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ቦረቦር ለመከላከል ለምን ከመሬት በታች ያለ ውኃ እንለካለን? ነሐሴ ላይ ገባኝ። ታች ያለው መረሬ አፈር ውኃ ጠጥቶ ጠጥቶ ይጠግባል። ውኃው ከቦረቦሩ ወለል በላይ ሲወጣ ግድግዳው ከውስጥ ይለሰልስና በቁሙ ይናዳል። አንድ ጠዋት ቆሜ እያየሁ፣ ከጫፉ አንድ እርምጃ ገባ ብሎ ስንጥቅ ነበር። እጄ ይገባበታል። ከሰዓት ስመለስ ስንጥቁም፣ በላዩ የነበረው ሣርም፣ የታሰረበት የበግ ካስማም የለም። በጉን እረኛው ቀድሞ ፈትቶት ነበር፣ ተመስገን።

ክትር ሲሠራ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው። ድንጋይ ከፍ አድርጎ መደርደር ብቻውን አያቆመውም። የቦረቦሩ ራስ ካልታከመ፣ ግድግዳው ተዳፋት ካልሆነና ሣር ካልተተከለበት ወደ ላይ መሄዱን ይቀጥላል። ክትሩም መሃሉ ከግራና ቀኙ ዝቅ ማለት አለበት። መሃሉ ከፍ ካለ ውኃው በጎን ዞሮ ዳሩን ይቆርጣል። አንቺ በሄድሽበት ክትር ሁሉ መጀመሪያ ይህንን እይ። መሃሉ ዝቅ ብሏል? ጫፎቹ ግድግዳው ውስጥ ገብተዋል? ውኃው የሚወድቅበት ላይ ድንጋይ ተነጥፏል?

አንድ ቀላል ነገር ልጨምር። ባዶ ሃይላንድ ሰብስቢ። ዝናብ በጣለ ቁጥር ከአንድ ቦታ ጎርፍ ሞልተሽ ቀኑን ጻፊበት። አንድ ሌሊት አስቀምጪው፣ ከሥር የረጋውን ጭቃ በማስመሪያ ለኪ። ከሰኔ ጀምረሽ ብትይዢ ለውጡን በዓይንሽ ታያለሽ። ጎርፉ አፈር የሚበዛበት ገና መሬቱ ታርሶ ራቁቱን ባለበት በክረምቱ መግቢያ ነው። ጤፍ ደግሞ ደጋግሞ ስለሚታረስ ዝናቡ የሚያገኘው የላመ አፈር ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቡቃያው ሲሸፍነው ይቀንሳል።

---

ብቸና ማዶ | ሚያዝያ 15

ቅር አይበላችሁና ገመድና ሃይላንድ ይዞ መዞር የድሮ ነገር ነው። አሁን ሥራ የሚያስገኘው ጂአይኤስ፣ በኮምፒውተር የሚሠራው የካርታ ሥራ፣ ነው። በሳተላይት ምስል የጮቄን ሽፋን የ30 ዓመት ለውጥ ማየት ይቻላል። ጓሳ፣ ሁለቱን ወር ላፕቶፕሽ ላይ ብታውይው ሥራ ስትፈልጊ ይጠቅምሻል። ለአንቺ ስለማስብ ነው የምለው።

---

አዴት መንገድ | ሚያዝያ 16

ወንድሜ፣ ጂአይኤስ ይማሩ በሚለው እስማማለሁ። እኔም ዛሬ እንጀራዬ እሱ ነው። ግን ካርታው ላይ «ደን» ተብሎ አረንጓዴ የተቀባው ቦታ ሄጄ ሳየው ባሕር ዛፍ ሆኖ ያገኘሁበት ቀን ብዙ ነው። ሥሩ ሣር የማይበቅልበት ባሕር ዛፍ። በሳተላይት ምስል ያየኸውን ሄዶ የሚያረጋግጥ ሰው ያስፈልጋል። ስልኳ ጂፒኤስ አለው። እያንዳንዱን ክብ በነጥብ ትመዝግብና መስከረም ላይ ካርታ ላይ ታስቀምጠው። ያኔ የአንተም የእኔም ሐሳብ አንድ ላይ ይሆናል።

---

የሞጣ ገበሬ ልጅ | ሚያዝያ 16

እኔ ባለሙያ አይደለሁም። አባቴ ገበሬ ነው፤ እኔም ክረምት ክረምት አርሳለሁ። በገበሬው ወገን ያለውን ልንገራችሁ።

ተማሪ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ «እርከን ለምን አፈረሳችሁ?» ብሎ ነው የሚጀምረው። አባቴ ዝም ይላል፤ ለእንግዳ ክፉ አይናገርም። እውነቱን የሚያወራው ማታ ለእኛ ነው። እርከኑ መሬት ይበላል። ካቡ ውስጥ አይጥ ይራባል። እርከኑ ከተቀራረበ በሬ ማዞር መከራ ነው። ከሁሉ የሚብሰው ግን ውኃው ነው። የእኛ አገር ዝናብ ብዙ ነው። እርከኑ ውኃውን ይዞ ከቆመ ገብሱ ቢጫ ይሆናል።

ለዚህ ነው ገበሬው ፈሰስ የሚያወጣው። ዘር ከተዘራ በኋላ በሞፈርና ማረሻ እርሻውን ሰያፍ አቋርጦ ቦይ ይከፍታል። ውኃው በዚያ ይወጣል። ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነው። ጉዳት የለውም አልልም። ፈሰሱ ቁልቁል ከበዛ በሁለት በሦስት ክረምት ቦረቦር ይሆናል። ከታች ያለው ጎረቤት ደግሞ ውኃውን ይቀበላል። በፈሰስ የተነሣ የተጣላ፣ ሽማግሌ የተቀመጠበት ስንት አለ።

እና እህቴ፣ ሄደሽ «ፈሰስ አታውጡ» ብትዪ ማንም አይሰማሽም። «ይህ ፈሰስ ወዴት ነው የሚሄደው? የማን ማሳ ላይ ነው የሚያርፈው?» ብለሽ ብትጠይቂ ግን ሙሉ ቀን ይዘውሽ ይዞራሉ። ትልልቆቹን «አያ» በያቸው። ቡና ከጠሩሽ ሦስተኛውን ሳትጠጪ አትነሺ።

---

የቀድሞ ዲኤ | ሚያዝያ 16

የሞጣው ልጅ ትክክል ነህ። ይህንን እኛም የተማርነው ቆይተን ነው። ለደረቅ አገር የተዘጋጀ እርከን ቀጥ ያለ ነው፤ ውኃ ይይዛል። እንደ ጎጃም ላለ ዝናባማ አገር ግን እርከኑ ትንሽ ዘንበል ብሎ ትርፉን ውኃ ወደ ሣር ወደለበሰ ማስወገጃ ቦይ ማውጣት አለበት።

ጓሳ፣ የውኃ ልክ መጠቀም ልመጂ። 10 ሜትር ሲባጎ፣ ሁለት እኩል ዘንግ፣ መሃል ላይ የምትንጠለጠል የውኃ ልክ። ሦስት ሰው ይበቃል። እርከኑ ግማሽ ፐርሰንት እንዲያዘነብል ከተፈለገ በ10 ሜትር 5 ሳንቲ ሜትር መውረድ አለበት። ከ5 ሳንቲ ሜትር ያነሰውም የበዛውም ችግር ያመጣል።

ጊዜ ካገኘሽ ደምበጫ ወረዳ አንጀኒን እይ። ከደምበጫ ወደ ፈረስ ቤት በሚወስደው መንገድ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ተፋሰሱ 113 ሄክታር ገደማ ነው። በ1986 ፋኒያ ጁ ተሠራበት። ፋኒያ ጁ ማለት በስዋሂሊ «ወደ ላይ አድርግ» ነው፤ ቦዩን ቆፍረሽ አፈሩን ወደ ሽቅብ ትጥይዋለሽ። ከዓመታት በኋላ ዳገቱ ደረጃ በደረጃ እየተደለደለ መጣ። እርከን በአንድ ክረምት አይፈረድበትም የምለው እዚያ ባየሁት ነው።

---

እንጅባራ ቀርከሃ | ሚያዝያ 17

ስለ አዊ ማንም አላነሣ ስላለ ልጨምር። ፋግታ ለኮማ ብትሄዱ ኮረብታው ሁሉ ዲከረንስ የሚባለው የግራር ዓይነት ዛፍ ነው። ገበሬው ራሱ ነው የተከለው፤ ማንም አላስገደደውም። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ መሃል ጤፍ ይዘራል፣ ቀጥሎ ሣር ያጭዳል፣ በ4 በ5 ዓመት ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስላል፣ ከዚያ እንደገና ያርሰዋል። አሲድ አጥቅቶት ምርት የከለከለው መሬት በዚህ ነው ያገገመለት። ስንት ቤት ቆርቆሮ የለበሰው፣ ስንት ልጅ የተማረው በዲከረንስ ነው።

ከዚያ በሽታ ገባ። ቅጠሉ እየጠወለገ ሙሉ ማሳ ደረቀ። አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ መሆኑ ምን እንደሚያመጣ በአንድ ጊዜ አየን። አጎቴ እስከ ዛሬ ስለሱ ሲያወራ ድምፁ ይሰበራል።

ወደ እኛ የሚመጣ ተለማማጅ ካለ ሥራ ሞልቷል። የቱ ማሳ ታመመ፣ የቱ ዳነ፣ ገበሬው አሁን በምትኩ ምን ተከለ የሚለውን ቤት ለቤት መመዝገብ። ቀርከሃውንም እዩ። ደጋ ቀርከሃ ዘር የሚሰጠው በብዙ ዓመት አንዴ ነው፤ ስለዚህ ከነሥሩ ተቆርጦ ነው የሚተከለው። ሥሩ ደግሞ ዳር ለመያዝ ወደር የለውም። ብዙ ቤት የሚነገረው አገውኛ ስለሆነ የቋንቋውን ሰላምታ ተምራችሁ ኑ።

---

የደጀን መምህርት | ሚያዝያ 17

ጓሳ፣ የማደሪያውን ነገር እኔ ልመልስልሽ፤ ሴት ተማሪዎችን ይዤ ወጥቻለሁ።

ብቻሽን ቤት አትከራዪ። ወረዳው ሴት ዲኤ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ያለችበት ቀበሌ እንዲመድብሽ ጠይቂ፤ ከእሷ ጋር እደሪ። ሁለት ሆናችሁ ከወጣችሁ ደግሞ በጣም ጥሩ። መንገዱ ሰላም መሆኑን ከመውጣትሽ በፊትም፣ በየሳምንቱም እዚያው ላሉ ሰዎች ደውለሽ አረጋግጪ። መሄድ የማይቻል ከሆነ ቦታ ቀይሪ፤ ማንም አይቀየምሽም። ተራራ ላይ ስትወጪ ሰው ይዘሽ ውጪ፣ ከ8 ሰዓት በኋላ አትጀምሪ። የጮቄ ጉም ከመጣ 10 እርምጃ አያሳይም።

ጥሩ ቦት ጫማ፣ ጋቢ፣ የእጅ ባትሪ፣ ለወር አበባ የሚበቃሽ ሞዴስ ከከተማ ይዘሽ ሂጂ። እዚያ ሱቅ አታገኚም። ደብተርሽን በፌስታል ጠቅልይ፤ በእርሳስ ጻፊ። እስክሪብቶ ዝናብ ሲነካው ይፈስሳል።

ሌላም ሐሳብ አለኝ። አገር በቀል ዘር የሚገኘው የቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ነው። ዝግባው፣ ወይራው፣ ጥቁር እንጨቱ የቀረው እዚያ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር ደኖች ባደረጉት ጥናት ችግኝ በተፈጥሮ እንዲያድግ ከብት አለመግባቱ ወሳኝ እንደሆነ አሳይተዋል። የድንጋይ አጥር ያለውና የሌለው ደን ውስጥ ገብተሽ ወለሉን ብታዪ ልዩነቱን ታገኚዋለሽ። ስትሄጂ መጀመሪያ ቄሰ ገበዙን አናግሪ፣ ነጠላሽን ልበሺ። ዘር ሳያስፈቅዱ መልቀም ነውር ነው።

---

ጓሳ | ሚያዝያ 18

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም በደብተሬ ገልብጫችኋለሁ። ሴት ዲኤ ያለችበት ቀበሌ ተገኝቷል። ሰኔ ላይ እወጣለሁ። ጋሼ፣ ገመዱን ዛሬ ለክቼ ቆረጥኩት።

---

የቀድሞ ዲኤ | ሰኔ 30

ጓሳ የት ደረስሽ? ዝናቡ እንዴት ነው?

---

ጓሳ | ሐምሌ 9

ጋሼ አለሁ። ኔትወርክ የሚገኘው ዳገቱ ላይ ስለሆነ ነው የጠፋሁት። ዝናቡ በየቀኑ ከሰዓት ይመጣል። እረኞቹ ገሳ ለብሰው ሲያዩኝ መጀመሪያ ይስቁብኝ ነበር። አሁን «ውኃ የምትከተለዋ መጣች» ይላሉ። ዝርዝሩን ስመለስ እጽፋለሁ።

---

ጓሳ | መስከረም 21

ተመልሻለሁ። ቃል በገባሁት መሠረት ልጻፍ።

መጀመሪያ ስለ ቆጠራው። የአምናው መትከያ ላይ 22 ክብ ዞርኩ። አንዳንዱ ክብ ውስጥ ከ25 ጉድጓድ 19 ችግኝ ቆሞ አገኘሁ፣ አንዳንዱ ውስጥ 2። አማካዩን ብቻ ብጽፍ ኖሮ ምንም አይናገርም ነበር። ነጥቦቹን ስልኬ ላይ ሳያቸው ግን ነገሩ ታየኝ። መንደር አጠገብ ያሉት በበግ ተበልተዋል። ታች ረባዳው ላይ ያሉት ውኃ ተኝቶባቸዋል። መንገድ ዳር ያሉት፣ እንግዳ የሚተክልባቸው፣ ከነፕላስቲካቸው ነበሩ። በአንዱ ክብ ብቻ 11 ፕላስቲክ አወጣሁ። የተሻለ የጸደቀው ከንክኪ ነፃ ተብሎ የተከለለው፣ መንደሩ ራሱ ጠባቂ የቀጠረለት ቦታ ነው። እዚያ የጓሳው ሣር መሃል የተተከሉ አስታና ኮሶ ከባዶው መሬት ይልቅ ደህና ሆነው አየሁ። ሁለት ክብ ላይ ብቻ ስለሆነ ግን አልደመድምም።

ሁለተኛው ነገር ከሁሉም በላይ ልቤ ውስጥ የቀረው ነው። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ትልቅ ዝናብ ጣለ። ከዲኤዋ ጋር ወጣን። አንድ እርከን ላይ ደረስን፤ ከካቡ በላይ ውኃ ተኝቷል፣ ገብሱ ቢጫ ሆኗል። የማሳው ባለቤት፣ አንድ ሽማግሌ፣ ቁምጣቸውን እንደለበሱ ጉልበታቸው ድረስ ጭቃ ውስጥ ቆመው ካቡን በዶማ እያፈረሱ ነው። ሲያዩን ደነገጡ። ዶማውን ወደ ኋላቸው ደበቁት። እንደ ልጅ። እኔ አፈርኩ።

የሞጣውን ወንድሜን አስታወስኩና «አያ፣ ይህ ውኃ ቢለቀቅ ወዴት ይሄዳል?» አልኳቸው። ቆም ብለው አዩኝ። ከዚያ ዶማውን አውጥተው በእሱ ጠቆሙኝ። ታች ያለችው ባሏ የሞተባት ጎረቤታቸው ማሳ ላይ ነው የሚወርደው። ይህንንም ያውቃሉ፣ ይከብዳቸዋል። ግን የገብሱን መሞት ቆመው ማየት አልቻሉም።

በማግስቱ የውኃ ልክ ይዘን መጣን። ሽማግሌው ራሳቸው አንዱን ዘንግ ያዙ። ለካን። እርከኑ ወደ ማስወገጃው ቦይ ማዘንበል ሲገባው፣ ወደ ኋላ በ10 ሜትር 3 ሳንቲ ሜትር ያዘነብላል። ውኃው መውጫው ዘንድ የሚደርስበት መንገድ አልነበረውም። ማንም ክፉ አላሰበም፤ በጥር በዓይን ነው የተቀየሰው። በዝናብ ትልቅ ቁፋሮ ስለማይሆን ለጊዜው የእርከኑን ቦይ ብቻ ጠርገን ወደ ሣር መስኩ መውጫ ከፈትንለት። ጎረቤቲቱም ተጠርታ አየች። የቀረውን ለጥር ቀጠሩት። ዲኤዋ በመዝገቧ ላይ ጻፈችው፤ እኔም ሌሎች 6 እርከኖችን ለክቼ ሰጠኋት። ሁለቱ እንደዚያው ናቸው።

ሃይላንዶቹን የዲኤዋ መስኮት ላይ ደረደርኳቸው፣ 17 ናቸው። የሰኔዎቹ ሥር የረጋው ጭቃ ሁለት ጣት ይሆናል። የነሐሴ መጨረሻዎቹ የጥፍር ውፍረት አይሞላም። የጎረቤት ልጆች በየቀኑ መጥተው ያዩታል። አንደኛዋ፣ 8 ዓመት ቢሆናት ነው፣ የሰኔውን ጠርሙስ አንሥታ «ይህ የእኛ ማሳ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ይዛው ሄደች። እናቷ ማታ መልሳ አመጣችው፤ እሷም ግን ሳታስቀምጠው ብዙ ቆይታ አየችው።

ለብቸና ማዶ፣ ካርታውን ሠርቼዋለሁ። ጊዜ ካለህ እልክልህና ተመልከትልኝ።

---

ብቸና ማዶ | መስከረም 21

ላኪው፣ ዛሬውኑ አየዋለሁ። ነጥቦቹን ከነምክንያታቸው ከጻፍሽ ከዳገቱ ቁልቁለትና ከመንደር ርቀት ጋር አዛምደን ማየት እንችላለን። እኔም ጥር ላይ ለመለካት አብሬሽ ብወጣ ደስ ይለኛል።

---

የቀድሞ ዲኤ | መስከረም 22

ዶማቸውን የደበቁትን ሰውዬ ሳነብ ዓይኔ እንባ አቀረረ። እኔ በወጣትነቴ እንዲህ ያደረጉ ሰዎችን አስቀጥቻለሁ፤ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም ነበር። ልጄ፣ የዚያን ቀበሌ ቆጠራ ለወረዳው በጽሑፍ አስገቢ፣ ማህተም አስመቺ፣ ቅጂውን ለቀበሌው ተዪ።

---

ጀማሪ 2ኛ ዓመት | መስከረም 24

ሰላም እህቴ። እኔ የሚቀጥለው ክረምት ተረኛ ነኝ። አንቺ የነበርሽበት ቀበሌ መሄድ እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

---

ጓሳ | መስከረም 24

እንኳን መጣህ። ደብዳቤህን ሚያዝያ ላይ አስገባ፣ ግንቦት ከሆነ ቦታ ይሞላል። የቆጠራው ቅጂ ዲኤዋ ጋ አለ። 22ቱም ክብ መሃል ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ ካስማ ቀብሬያለሁ፤ እነዚያኑ ቁጠር፣ አዲስ አትጀምር። አያን ሰላም በልልኝ፣ ጥር ላይ እርከኑ ተስተካክሎ እንደሆነም በዝናብ እይልኝ። ገመዱ ከቢሮው በር ጀርባ ተሰቅሏል። ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ 5 ሜትር ከ64 ነው፤ ቋጠሮውን እንዳትፈታው።